ቆዳ የለበሰው ጊታር

ጊታር ባንጆ አንገቱ የጊታር፣ ሆዱ የባንጆ ነው። ስድስት አውታር አለው፤ የሚቃኘውም እንደ ጊታር ነው። ሆዱ ክብ እንጨት ሆኖ ፊቱ ላይ ቆዳ ተወጥሯል፤ ቆዳውን ዙሪያውን በብሎን የሚጠብቁ የብረት መንጠቆዎች ይዘውታል።

ባንጆ ለመማር የሰነፈ ጊታሪስት መሣሪያ ነው እያሉ የሚያናንቁት አሉ፤ በደል ነው። ጆኒ ሴንት ሲር እ.ኤ.አ. በ1925 ቺካጎ ውስጥ ከሉዊ አርምስትሮንግ የጃዝ ባንድ ከሆት ፋይቭ ጋር የተጫወተው በዚሁ ነው። ጊታሪስቱ ጃንጎ ሬይንሃርትም በልጅነቱ የተጫወተው እሱን ነው። ያኔ ጊታር በመለከት ድምፅ ይዋጥ ነበር፤ የቆዳው ድምፅ ግን ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይሞታል፣ ሁሉንም ጥሶ ይሰማል። የእኛዋ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታም ለእንዲህ ያለ ቅልቅል መሣሪያ እንግዳ አይደለችም፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የከተማዋ ዳየር መደብር የቺካጎዎቹ የላርሰን ወንድማማቾች የሠሯቸውን ሃርፕ ጊታሮች ይሸጥ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን ቆዳው ነው። በጥንቶቹ ላይ ያለው የጥጃ ቆዳ ነው፤ የሚኒሶታን አየር እየተከተለም ይለዋወጣል። በጥር የቤት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ቆዳው ይወጠራል፣ አውታሮቹን የተሸከመው ብርኩማ ከፍ ይላል፣ አውታሩ ከአንገቱ ይርቃል፣ ቅኝቱም ይዛባል። በሐምሌ ወበቅ ደግሞ ይላላል፤ ብርኩማው ይሰጥማል፣ አውታሩ ፍሬቱ ላይ ይንጫጫል። በዓል ሲደርስ ከበሮ ፀሐይ ላይ የምናሰጣ ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻንም። ሆኖም በሐምሌ የላላውን መንጠቆ ሁሉ እስኪበቃው አጥብቆ፣ በኅዳር ማሞቂያው ሲበራ ቆዳው ሲተረተር «አሮጌ ዕቃ» ብሎ የሚያማርር ብዙ ነው። የሚጠብቀው በጥቂት በጥቂቱ፣ ፊት ለፊት ያሉትን መንጠቆዎች እያፈራረቁ ነው፤ ብርዱ ሳይገባም መልሶ ማላላት ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ቆዳ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል፤ ለእኔ ግን የጥጃ ቆዳን የመሰለ ለስላሳ ድምፅ የለውም።

አንድ ወዳጄ ያሳየኝ የእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ጊታር ባንጆ ብርኩማው በሙጫ ተለጥፎ ነበር። እባካችሁ! ብርኩማው የሚቆመው በአውታሮቹ ጫና ብቻ ነው፤ መንቀሳቀሱም ለቅኝት ሲባል ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ አውታሩን ሳይጫኑ ነካ አድርገው ሲመቱት የሚወጣውን ድምፅ፣ ተጭነው ከሚወጣው ጋር ያስተያዩ። ሲጫኑት ከፍ ካለ ብርኩማውን ወደ ጭራው፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ይግፉት። የወፍራሞቹ አውታሮች ጎን ትንሽ ወደ ጭራው ያዘነብላል። አውታር ሲቀየርም አንድ በአንድ ነው፤ ስድስቱ ባንዴ ከተፈቱ ብርኩማው ይወድቃል።

የጥጃ ቆዳ መቀየር ግን ለባለሙያ ይተው፤ ቆዳው ረጥቦ ተዘርግቶ ቀለበቱ ላይ ከተጠቀለለ በኋላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ከሴንት ፖል በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሬድ ዊንግ ላይ የአውታር መሣሪያ ጥገና የሚያስተምር ኮሌጅ ስላለ፣ በአካባቢያችን ሙያውን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።