ጥልቀት በሌለው የወንዝ አፍ በሰው ሠራሽ ማባበያ ዓሣ ማጥመድ፦ ችሎታ የሚያድገው በምንድን ነው?

መግቢያ

በወንዝ አፍ ዳር ዘንግ ይዞ የቆመ ጀማሪ አጥማጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛውን ማባበያ ልጠቀም?» ብሎ ነው። በዚያው ስፍራ ብዙ ዓመታት ያሳለፈ አጥማጅ ግን መሣሪያውን ከመፍታቱ በፊት ውኃው ወደየት እየሄደ እንደሆነና ዓሣው በዚያ ሰዓት የት ሊቆም እንደሚችል ይመረምራል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደሚመነጭ ያስረዳል። ከዚያም የአጥማጆች ችሎታ ማደግ የዓሣ ክምችትን ለሚለካ ተመራማሪ የሚያስከትለውን ችግር ያመለክታል።

ሰው ሠራሽ ማባበያ የምንለው ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ተሠርቶ ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ እንዲመስል የተደረገ፣ መንጠቆ የተሰካበት መሣሪያ ነው። በምሳሌነት የተወሰደው በደቡብ እንግሊዝና በዌልስ የወንዝ አፎች የሚጠመደው የአውሮፓ የባሕር ባስ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዲሴንትራርከስ ላብራክስ ይባላል።

የውኃው ሰዓትና የሰው ሰዓት

የወንዝ አፍ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት፣ ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ የሚቀላቀሉበት ስፍራ ነው። በዚህ ስፍራ የሁሉም ነገር አዛዥ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በአብዛኛዎቹ የእንግሊዝና የዌልስ ዳርቻዎች ከአንድ ሙላት እስከሚቀጥለው ሙላት በአማካይ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል። ስለዚህ የዛሬው ሙላት ነገ 50 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይመጣል። «ትናንት ጠዋት በአንድ ሰዓት ዓሣ ይዣለሁና ዛሬም በዚያው ሰዓት እመለሳለሁ» የሚል አጥማጅ ወደ ሌላ ውኃ ይመጣል ማለት ነው። ሳምንት ካለፈ ደግሞ ሙሉ የነበረውን ጎድሎ ሊያገኘው ይችላል። ስለሆነም ጊዜ የሚቆጠረው ከሙላቱ ጫፍ በመነሣት፣ «ከሙላቱ ሁለት ሰዓት በኋላ» ወይም «ከሙላቱ አንድ ሰዓት በፊት» እየተባለ ነው።

የውኃው ፍጥነትም በየሰዓቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ባሕርተኞች የሚጠቀሙበት የአሥራ ሁለትዮሽ ደንብ እንደሚለው፣ ውኃው በስድስቱ ሰዓታት ውስጥ በቅደም ተከተል ከጠቅላላው ከፍታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለትና አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጠቅላላው ልዩነት 4 ሜትር ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት 33 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን በየሰዓቱ 1 ሜትር ይንቀሳቀሳል። በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ጭቃማ ሜዳ ላይ ይህ ማለት የውኃው ጠርዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ 100 ሜትር ወደ የብስ ይገሠግሣል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ አጥማጅ ዓሣ ማጣት ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላው በሞላ ቦይ ተከብቦ ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ደንቡ ግምታዊ ነው። በሳውዝሃምፕተን ሙላቱ ሁለት ጫፍ ስላለው ውኃው ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆይና ጉድለቱ ሲጀምር አጭርና ፈጣን ይሆናል። በሰቨርን የወንዝ አፍ ደግሞ በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ አካባቢ የሙላትና የጉድለት ልዩነት ከ12 ሜትር ይበልጣል። በአንዱ ስፍራ የተገኘ ዕውቀት ወደ ሌላው እንዳለ የማይሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ከዓሣው ጋር የሚያያዘው በምግብ አማካይነት ነው። ሽሪምፕ፣ ትንንሽ ሸርጣንና የዓሣ ጫጩት በሙላት ጊዜ ወደ ሜዳውና ወደ ጨዋማው ረግረግ ይወጣሉ፤ በጉድለት ጊዜ በትንንሽ ቦዮች ተጠራቅመው ይወርዳሉ። በፈረንሳይ በሞን ሳን ሚሼል ባሕረ ሰላጤ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ወጣት ባሶች ረግረጉን የሚያጥለቀልቅ ትልቅ ሙላት ሲመጣ ወደ ቦዮቹ ይገባሉ፤ እዚያም ተመግበው ከጉድለቱ ጋር ይመለሳሉ። ተለቅ ያለው ዓሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቦዩ መውጫ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ በሚገናኙበት ጠርዝ ቆሞ ወደ እርሱ የሚወርደውን ይጠብቃል። ስለዚህ ዓሣው በውኃው ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ በጥቂት ስፍራዎች፣ ለጥቂት ጊዜ ይከማቻል። የአጥማጁ ችሎታ ዋና ክፍል ይህን ጊዜና ስፍራ ማወቅ ነው።

ዓሣው የሚያየውና የሚሰማው

ትልን ወይም ሸርጣንን በመንጠቆ የሚሰካ አጥማጅ የዓሣውን የማሽተት ስሜት ይጠቀማል። ሰው ሠራሽ ማባበያ ግን በአብዛኛው ይህ ረዳት የለውም፤ የሚሠራው በቅርጽ፣ በእንቅስቃሴና በርግብግቢት ነው። ዓሣ በአካሉ ጎን በተዘረጋው የጎን መስመር በሚባል የስሜት አካል የውኃን እንቅስቃሴ ይገነዘባል፤ የዚህ አካል ርቀት ግን አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዓሣው ቁመት አንድ ወይም ሁለት እጥፍ አይበልጥም። ውኃው በደፈረሰ ጊዜ ዓይንም በቅርብ ብቻ ይሠራል። በመሆኑም በድፍርስ ውኃ ማባበያው በዝግታ፣ ዓሣው ሊቆምበት በሚገመተው ጠርዝ ተጠግቶ ማለፍ አለበት፤ በጠራ ውኃ ደግሞ ትንሽና ፈጠን ያለ ማባበያ ዓሣውን ከሩቅ ሊስብ ይችላል።

ስለ ቀለም የሚነገረውም በዚሁ መሠረት መታየት ይገባዋል። በጠራ የባሕር ውኃ ቶሎ የሚጠፋው ቀይ ብርሃን ነው። ከወንዝ የመጣ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ባለበት ውኃ ግን ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ብርሃን ሲሆን፣ ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ያደላው ይቀራል። ጥልቀቱ ከጉልበት በማይበልጥበት ስፍራ የማባበያው ጥላ ከሰማዩ ብርሃን ጋር ያለው ንጽጽር ከቀለሙ ስም የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይችላል።

አጥማጁ ራሱም መታየቱን መዘንጋት የለበትም። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚሰበር፣ ዓሣ ከውኃው በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው 97 ዲግሪ ያህል ስፋት ባለው የብርሃን ሾጣጣ በኩል ነው። በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የቆመ ዓሣ ይህ መስኮት በውኃው ገጽ ላይ 1.1 ሜትር ያህል ስፋት ብቻ አለው። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የሚታየው ነገር ተጨምቆ ስለሚደበዝዝ፣ ዝቅ ብሎና ራቅ ብሎ የቆመ ሰው በቀላሉ አይለይም። በአንጻሩ ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል። በጠጠር ላይ የተረገጠ ከባድ እርምጃ ከማባበያው ቀድሞ ይደርሳል።

ማባበያውን ከጥልቀትና ከፍሰት ጋር ማስማማት

ከላይ የተጠቀሱት ምክንያቶች የማባበያ ምርጫን ወደ ሦስት ጥያቄዎች ያጠቃልሉታል። አንደኛው ጥልቀት ነው፦ ውኃው 60 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ስፍራ 1 ሜትር የሚሰምጥ ማባበያ ጭቃና አረም ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም አይሰጥም። እዚህ የሚያስፈልገው የሚንሳፈፍ፣ በጣም በዝግታ የሚሰምጥ ወይም መንጠቆው በለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የተደበቀ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። በፍሰት ውስጥ የቆመ ዓሣ በአብዛኛው ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ይጠብቃል፤ ምግቡም ከዚያ በኩል ይወርድለታል። ስለዚህ ማባበያውን ከፍሰቱ በላይ ወርውሮ ክሩ ሳይላላ ከውኃው ጋር እንዲወርድ ማድረግ ከተፈጥሮው ጋር ይስማማል፤ ፍሰቱን ተቃውሞ ወደ ዓሣው ፊት የሚገሠግሥ ትንሽ ዓሣ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። እዚህ የሚቆጠረው የማጠንጠኛው መዘውር ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የውኃው ፍጥነትም ይደመርበታል ወይም ይቀነስበታል። በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር በሚፈስ ቦይ በዚያው ፍጥነት ከላይ ወደ ታች የሚጠነጠን ክር ማባበያውን ከውኃው ጋር ብቻ ያንሳፍፈዋል፤ ማባበያው በውኃው ውስጥ አይዋኝም።

የመዝገብና የባዶ ውጤት ትርጉም

አንድ አጥማጅ እነዚህን ነገሮች ቢያውቅም ከራሱ ልምድ በትክክል ካልተማረ አያድግም። ልምድን የሚያሳስተው ዋና ነገር የውጤቱ ብርቅነት ነው። ከ100 ውርወራ በአማካይ በአንዱ ዓሣ የሚይዝ ማባበያ እንዳለ እናስብ። ውርወራዎቹ አንዳቸው ከሌላው ነጻ ቢሆኑ፣ 50 ተከታታይ ውርወራ ባዶ የመሆኑ ዕድል 60 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ ከ50 ውርወራ በኋላ «ይህ ማባበያ አይሠራም» ብሎ የሚለውጥ ሰው በቂ ማስረጃ የለውም። ይህን ዕድል ወደ 5 በመቶ ለማውረድ 300 ያህል ውርወራ ያስፈልጋል። ዓሣ በመንጋ ስለሚንቀሳቀስ ውርወራዎቹ በእውነት ነጻ አይደሉም፤ የሚያስፈልገው ቁጥር ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

ሁለት ማባበያዎችን አንዱን በሙላት፣ ሌላውን በጉድለት ሞክሮ ማነጻጸርም ማባበያዎቹን ማነጻጸር አይደለም፤ የተነጻጸሩት ሁለቱ የውኃ ሁኔታዎች ሊሆኑ ይችላሉና። የተሻለው ዘዴ በየ20 ውርወራው እያፈራረቁ፣ የመጀመሪያውን በሳንቲም ዕጣ እየመረጡ መሞከር ነው። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ስፍራው፣ ከሙላቱ ያለው ርቀት፣ የሙላቱ ከፍታ፣ የውኃው ሙቀትና ጥራት፣ ነፋሱ፣ ጠቅላላው የውርወራ ቁጥር ይጻፋሉ። ባዶ የተመለሱባቸው ቀናትም ሳይቀሩ መመዝገብ አለባቸው። የተያዘባቸውን ቀናት ብቻ የያዘ መዝገብ የት እንደተሄደ ይናገራል እንጂ የት እንደሚሻል አይናገርም።

ችሎታ የሚሰውረው ነገር

እስካሁን የተባለው ለአጥማጁ የሚበጅ ነው፤ ለዓሣ ሀብት ተመራማሪ ግን ሌላ ገጽታ አለው። የዓሣ ክምችትን ለመገመት ከሚያገለግሉ መለኪያዎች አንዱ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ መረብ ጥረት የተያዘው መጠን ነው። አሁን አሥር ቦዮች ያሉትን የወንዝ አፍ እናስብ። ክምችቱ በግማሽ ቀንሶ ዓሣው በአምስቱ ምርጥ ቦዮች ብቻ ቢሰበሰብ፣ ጀማሪው ልዩነቱን ያስተውላል፤ ባለሙያው ግን ወደነዚያ አምስቱ ስለሚሄድ በሰዓት የሚይዘው መጠን አይለወጥም። መዝገቡ የተረጋጋ ክምችት ያሳያል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ግን እየመነመነ ነው። ይህ ሐሰተኛ መረጋጋት ሊባል የሚችል ክሥተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳ መንግሥት የኒውፋውንድላንድን የኮድ ዓሣ ማጥመድ ከመዝጋቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የንግድ መርከቦች የመያዝ መጠን ከፍ ብሎ መቆየቱ የክምችቱን መውደቅ ከሰወሩት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ባስም ለዚህ የተጋለጠ ነው። ዕድገቱ ዝግተኛ ነው፤ ሴቷ ለመራባት የምትደርሰው ርዝመቷ ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ1990 በወጣ ደንብ ወጣት ባሶች በሚያድጉባቸው የወንዝ አፎች በተወሰኑ ወራት ከጀልባ ባስ ማጥመድ ተከለከለ። ከ2010 በኋላ የወላጅ ዓሣው ክምችት ሲያሽቆለቁል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዝቅተኛውን የመያዣ ርዝመት ከ36 ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረገ። የተለቀቀ ዓሣ እንዲተርፍ አጥማጁ ሾህ የሌለው መንጠቆ መጠቀም፣ ዓሣውን በረጠበ እጅ መያዝና ከውኃ ውጭ ብዙ አለማቆየት ይጠበቅበታል። ሰው ሠራሽ ማባበያ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈርን ስለሚይዝ ከተዋጠ ምግብ ይልቅ ለመልቀቅ ያመቻል።

ነገሩ የባሕር ዳርቻ ላላቸው አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። በጣና ሐይቅ የላቤኦባርበስ ወገን የሆኑ ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ይከማቻሉ። መረብ የሚዘረጋ ዓሣ አስጋሪም የሚያውቀው ይህንኑ ጊዜና ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነዚህ ዓሣዎች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል። ይህ መቀነስ በናሙና ማጥመድ ተለክቶ ባይታወቅ ኖሮ፣ በክምችት ሰዓት በወንዝ አፍ የሚገኘው ምርት ብቻውን ሐይቁ ገና ሙሉ እንደሆነ ሊያስመስል ይችል ነበር።

ማጠቃለያ

ጥልቀት በሌለው የወንዝ አፍ የሚያጠምድ ሰው ችሎታው የሚያድገው ማባበያ በማብዛት ሳይሆን፣ ውኃውን በራሱ ሰዓት በመቁጠር፣ የዓሣውን ስሜት በመረዳትና ባዶ ቀናትን ሳይቀር በመመዝገብ ነው። ይህ ችሎታ ግን አጥማጁን ዓሣው ወደሚከማችበት ስፍራ ስለሚመራው፣ የአጥማጁ ምርት የውኃው ሀብት መስታወት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ከአጥማጆች መረጃ የሚሰበስብ ተመራማሪ የተያዘውን መጠን ከስፍራው፣ ከጥረቱና ከባዶ ውጤቶቹ ጋር መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህም ጎን ለጎን፣ ዓሣ ይገኝባቸው አይገኝባቸው ሳይባል አስቀድመው በተወሰኑ ቋሚ ጣቢያዎች በየጊዜው ናሙና ሊወስድ ይገባል።