በኔትወርክ የተያያዙ ኮምፒውተሮችን በአግባቡ መሰየም የመሥሪያ ቤት ሥራን ያቀላጥፋል

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ በምትገኘው ሮቢት ከተማ አንድ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ለባልደረባው ለማስተላለፍ በኮምፒውተሩ ላይ ‹‹ኔትወርክ›› የሚለውን መስኮት ቢከፍት፣ ‹‹ዴስክቶፕ›› ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሰባት የተደበላለቁ ፊደላትና ቁጥሮች የያዙ ስሞች ተደርድረው ሊያገኝ ይችላል። የሒሳብ ክፍሉና የመሬት አስተዳደሩ ኮምፒውተር የትኞቹ እንደሆኑ ከስማቸው መለየት አይቻልም። የሠራተኛው የደመወዝ ዝርዝር ወይም የአርሶ አደሩ የይዞታ ማስረጃ በማይመለከተው ሰው እጅ ሊገባ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

እነዚህ ስሞች ዊንዶውስ 10 እና 11 ሲጫኑ በራሳቸው የሚሰጧቸው ናቸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ በርካታ መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸው ይታወሳል። በምትክ የሚገቡ ኮምፒውተሮች ስማቸው ሳይቀየር ሥራ ከጀመሩ ችግሩ ይበልጥ ይሰፋል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ወረዳ ኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ለማገናኘት የተዘረጋ ነው። በኔትወርክ መስኮቱ የሚታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቢሮ ወይም ግቢ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። ስለሆነም ስያሜውን ማስተካከል የበላይ አካልን ሳይጠብቁ በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው።

ስሙ የሚቀየረው በ‹‹ሴቲንግስ›› ውስጥ ‹‹ሲስተም››፣ ቀጥሎም ‹‹አባውት›› የሚለውን በመክፈት ሲሆን፣ ለውጡ የሚጸናው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ስሙ ከ15 ምልክት ባይበልጥ፣ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በጭረት ብቻ ቢጻፍ ይመረጣል። ‹‹ሮቢት-ገንዘብ-01›› በላቲን ሲጻፍ ልክ 15 ይሆናል። ስያሜው ከሰው ይልቅ የሥራ ክፍሉን ቢከተል ይሻላል፤ ሠራተኛው ይዛወራል፣ ኮምፒውተሩ ግን እዚያው ይቀራል።

በአማርኛ ማንበብ ለሚፈልግም መላ አለ። ሠራተኛው ዘወትር ለሚጠቀምባቸው የጋራ ማኅደሮች በራሱ ኮምፒውተር ላይ አቋራጭ ፈጥሮ ‹‹የገንዘብ ክፍል››፣ ‹‹የመሬት ይዞታ›› ብሎ በግዕዝ ፊደል ሊሰይማቸው፣ ምስላቸውንም ሊቀይር ይችላል። ይህ የሌሎችን ኮምፒውተር አይነካም። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ኮምፒውተር ስሙ ከተለወጠ አቋራጩ መሥራቱን ስለሚያቆም፣ ለውጡን አስቀድሞ ለሠራተኞች ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በጋራ ማኅደር ስም መጨረሻ የዶላር ምልክት ሲጨመር ማኅደሩ ከዝርዝሩ ይሰወራል። ነገር ግን ስሙን የሚያውቅና ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ሊከፍተው ይችላልና መሰወርን እንደ ጥበቃ መቁጠር ስህተት ነው። ጥበቃው ያለው ማን ማንበብና ማን መጻፍ እንደሚችል በሚወስነው ፈቃድ ላይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተሩ እየሠራ በመስኮቱ ላይ አይታይም። በዚህ ጊዜ ‹‹ኤስኤምቢ 1›› የተባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት መልሶ መክፈትን እንደ መፍትሔ የሚወስዱ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ግን አደገኛ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ‹‹ዋናክራይ›› የተሰራጨው በዚሁ ሥርዓት ክፍተት በኩል ነበር። ማይክሮሶፍትም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ካወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ሥርዓቱን አብሮ መጫን አቁሟል። ከዚያ ይልቅ ኔትወርኩ ‹‹ፕራይቬት›› ተብሎ መመዝገቡንና የኔትወርክ ፍለጋው መከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል። ይህም ካልሠራ በአድራሻ መጻፊያው ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘመሙ ጭረቶችን አስቀድሞ የኮምፒውተሩን ስም በመጻፍ በቀጥታ መግባት ይቻላል።