ከኬብል እስከ ደንብ፦ በሊኑክስ ላይ የኔትወርክና የፋየርዎል ችግሮች ምርመራ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥና የሥራ ጠባይ አላቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኝ የፋብሪካዎች ከተማ ስትሆን፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በኩል ከመዲናዋ ጋር ተጋጥማለች፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር በጎጃም መንገድ ተዘርግታለች። በእነዚህ ከተሞች ማምረቻ ወይም መጋዘን ያላቸው በርካታ ድርጅቶች ዋና ቢሯቸው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው የኮምፒውተር መረብ በተቋረጠ ቁጥር የሂሳብም ሆነ የዕቃ ምዝገባ ሥራ ይስተጓጎላል። ይህ ዳሰሳ እንዲህ ያለው መቋረጥ ሊኑክስ በተባለው የክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና ላይ እንዴት እንደሚመረመር ያያል፤ ክፍት ምንጭ የሚባለው የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ ሊነበብ፣ ሊሻሻልና ሊሰራጭ የሚችል ሶፍትዌር ነው።

የሊኑክስን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ ዛሬ ሰርቨሮችን ብቻ ሳይሆን የአንድሮይድ ስልኮችንና እንደ ማይክሮቲክ ያሉ ራውተሮችንም ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ «እኛ ዘንድ ሊኑክስ የለም» የሚል ቢሮ እንኳ ሳያውቀው በሊኑክስ ፋየርዎል በኩል ወደ ኢንተርኔት እየወጣ ሊሆን ይችላል። ፋየርዎል በማሽኑ የሚያልፉትን የመረጃ እሽጎች፣ በተለምዶ ፓኬት የሚባሉትን፣ በተሰጠው ደንብ መሠረት እየመረመረ የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ ኬላ ነው። በከርነሉ ውስጥ ይህን የሚሠራው ኔትፊልተር የተባለው ክፍል በ2001 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቅጽ 2.4 ጋር የገባ ሲሆን፣ ደንቦቹ ለረጅም ጊዜ አይፒቴብልስ በተባለ መሣሪያ ሲጻፉ ቆይተው በ2014 እ.ኤ.አ. ኤንኤፍቴብልስ የተባለ ተተኪ መጥቷል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት የሚታወቀው ዩኤፍደብሊውና ሬድ ሃት በተባለው ወገን የሚታወቀው ፋየርዎልዲ በእነዚህ ላይ የተሠሩ ማቅለያዎች ናቸው። ሽግግሩ ገና ያላለቀ በመሆኑ አንዳንድ ማሽን ላይ አሮጌና አዲስ ደንቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አስተዳዳሪውም በአንዱ መሣሪያ ብቻ ዝርዝሩን ካየ ፓኬቱን የሚጥለውን ደንብ ሳያገኘው ሊውል ይችላል።

«ኔትወርክ የለም» በሚል አንድ አባባል የሚጠቃለለው ቅሬታ በውስጡ ብዙ ዓይነት ብልሽት የሚይዝ ስለሆነ፣ ምርመራው ከታች ወደ ላይ ቢወጣ፣ ማለትም ከኬብሉ ተነሥቶ በአድራሻው፣ በመንገዱ፣ በስሙና በፖርቱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፕሮግራም በሚያዳምጥበት የበር ቁጥር፣ በኩል አልፎ ወደ ፋየርዎሉ ቢደርስ ይመረጣል። «አይፒ ሊንክ» የተባለው ትእዛዝ የኔትወርክ ካርዱ ከስዊቹ ጋር በአካል መያያዙን ያሳያል። «አይፒ አድሬስ» ማሽኑ የያዘውን የቁጥር አድራሻ ያሳያል፤ አድራሻው ጨርሶ ከሌለ ወይም በ169.254 ከጀመረ፣ አድራሻ የሚያድለው የዲኤችሲፒ አገልግሎት መልስ አልሰጠም ማለት ነው። «አይፒ ራውት» ደግሞ ፓኬቶች ወደ ውጭ የሚወጡበትን ራውተር ይጠቁማል። ከዚያ አንድ ማሽን መልስ መስጠቱን በሚፈትነው ፒንግ በተባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩ፣ ቀጥሎ እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ አድራሻ፣ በመጨረሻም አንድ ድረ ገጽ በስሙ ይሞከራል፤ በቁጥር የሚሠራው በስም ካልሠራ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር በሚፈታው ዲኤንኤስ ላይ ነው። በኡቡንቱ የስም ፈቺው አድራሻ 127.0.0.53 ሆኖ ሲታይ ብዙዎች ስህተት ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ይህ በማሽኑ ውስጥ ያለ አማላጅ አገልግሎት አድራሻ ነው፣ ትክክለኛው ዲኤንኤስ «ሪዞልቭሲቲኤል» በተባለው ትእዛዝ ይታያል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚደጋገምበት አካባቢ ይህ ቅደም ተከተል ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው ብልሽት በመልኩ ፋየርዎል የከለከለ ይመስላል። በአይፒቴብልስ ትእዛዝ የተጻፈ ደንብ የሚኖረው በከርነሉ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ በፋይል ተቀምጦ ማሽኑ ሲነሳ እንዲጫን ካልተደረገ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ትናንት የተፈታው ችግር ዛሬ ተመልሶ የሚመጣው፣ ወይም የተዘጋው በር ሳይታወቅ ክፍት ሆኖ የሚያድረው፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ሳቢያ ነው። ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሳ ደግሞ አድራሻ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ከሁሉ የሚያደናግረው ግን የሰዓት ጉዳይ ነው፤ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ያኔ የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀቶች ጊዜያቸው ያልደረሰ ሆነው ስለሚታዩ ፒንግ እየሠራ ብራውዘሩ አልከፍትም ይላል። ሰዓትን በኢንተርኔት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ በዩዲፒ ፖርት 123 የሚሄድ በመሆኑ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ ከጥቂት ፖርቶች በቀር የዘጋ ጥብቅ ፋየርዎል ሰዓቱ ራሱን እንዳያርም ያግደዋል፤ በዚህ ጊዜ ባትሪውም ደንቡም አብረው መስተካከል ይኖርባቸዋል።

ጥፋቱ በእርግጥ የፋየርዎሉ ሲሆን ምልክቱ ብዙ ይናገራል። ግንኙነቱ ወዲያው «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ ካመጣ ማሽኑ ተገኝቷል፣ ግን በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም ወይም ደንቡ በግልጽ መልሶታል፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ጊዜው ካለፈ ፓኬቱን ያለ መልስ የሚጥል ደንብ መኖሩ ይጠረጠራል፤ «ወደ ማሽኑ መንገድ የለም» የሚለው መልእክት ደግሞ፣ በተለይ በሬድ ሃት ወገን ሥርዓቶች፣ መንገዱ እያለ ፋየርዎሉ ክልከላውን ሲገልጽበት ይታያል። «ኤስኤስ» በተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ በ127.0.0.1 ብቻ እንደሚያዳምጥ ከታወቀ፣ የቱንም ያህል ፖርት ቢከፈት ከሌላ ማሽን አይደረስበትም። ደንቦች ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡና ፓኬቱን የሚያሳልፍ ወይም የሚጥል የመጀመሪያው ገጣሚ ደንብ ጉዳዩን ስለሚዘጋ፣ ከጠቅላላ ክልከላ በታች የተጨመረ ፈቃድ ዋጋ የለውም። ፕሮግራሞችን ለየብቻ በተከለሉ ኮንቴይነሮች የሚያስኬደው ዶከርም በዩኤፍደብሊው የተከለከለ ፖርትን በራሱ ደንብ ከፍቶት ሊገኝ ይችላል።

ለመሞከር ተብሎ ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ የማጥፋት ልማድ መወገዝ አለበት፤ ማሽኑን ለአደጋ ያጋልጣል፣ የትኛው ደንብ እንዳጠፋም አያስተምርም። ከዚህ ይልቅ በየደንቡ አጠገብ የሚታየውን የፓኬት ቆጣሪ መመልከት፣ እንዲሁም በቲሲፒደምፕ የሚገባውን ትራፊክ ማየት ይበቃል፤ ቲሲፒደምፕ ገቢውን ፓኬት ኔትፊልተር ከመመርመሩ በፊት ስለሚያየው፣ በእርሱ ታይቶ ፕሮግራሙ ዘንድ ያልደረሰ ፓኬት በአብዛኛው በመካከል በደንብ የተጣለ ነው።

ጥብቅነት ራሱ ብልሽት የሚሆንበት ሌላ አጋጣሚም አለ። አይሲኤምፒ፣ ማለትም ማሽኖች ስለ መንገዱ ሁኔታ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል፣ «ለደኅንነት» በሚል ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ ፓኬቱ ለመስመሩ ትልቅ መሆኑን የሚገልጸው መልእክትም አብሮ ይዘጋል። የኤተርኔት የተለመደው መጠን 1500 ባይት ሲሆን ፒፒፒኦኢ በሚጠቀሙ መስመሮች ወደ 1492 ስለሚወርድ፣ ትንንሽ ገጾች ይከፈታሉ፣ ትልልቅ ፋይሎች ግን መሐል ላይ ይቆማሉ። ብዙ ሰው አንድ መስመር በሚጋራባቸው ኮሌጆችና ኢንተርኔት ቤቶች ደግሞ ግንኙነቶችን የሚመዘግበው የከርነሉ ሠንጠረዥ ሊሞላ ይችላል፤ ያኔ አዳዲስ ግንኙነቶች ይጣላሉ፣ የተጣሉበት ምክንያትም በከርነሉ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በቢሮና በፋብሪካ መካከል በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ሲገናኙ ጎልቶ የሚታየው ችግር የአድራሻ መደራረብ ነው፤ አዲስ አበባም ሰበታም 192.168.1 በሚለው የራውተር ነባሪ አድራሻ ከተቀመጡ፣ ማሽኑ ተቀባዩን እዚያው ቤት ውስጥ ስለሚፈልገው የፋየርዎል ደንብ መቀየር ምንም አይፈይድም፣ የአንደኛው ወገን አድራሻ ግን መለወጥ አለበት። በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ቅርንጫፍ አንድን የሕዝብ አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚጋራ ከሆነ፣ በራሱ ራውተር ላይ ፖርት ቢከፍትም ከውጭ አይደረስበትም፤ መፍትሔው ግንኙነቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲጀመር ማድረግ ነው። ሱሉልታን ከመዲናዋ ጋር በራዲዮ አንቴና ለማያያዝ ያሰበም እንጦጦ የዕይታ መስመሩን እንደሚጋርደው ሳይዘነጋ መካከለኛ ጣቢያ ማሰብ ይጠበቅበታል።

መቋረጡ ከማሽኑም ከግቢውም ውጭ የሆነበት ጊዜም አለ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል መቆየቱ ይታወሳል። ትሬስራውት የፓኬቱን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳይ፣ ከራሱ ራውተር በኋላ ዝምታ ያገኘ ባለሙያ ደንቦቹን ከመነካካት ተቆጥቦ ውጤቱን ይዞ ወደ አገልግሎት ሰጪው ቢደውል ጊዜ ያተርፋል።

ከርቀት የሚሠራ አስተዳዳሪ የሚፈራው ስህተት ራሱን በውጭ መቆለፍ ነው፤ የርቀት መግቢያ የሆነውን ፖርት 22 ሳይፈቅድ ጠቅላላ ክልከላ ካስቀደመ ማሽኑ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አይሰማውም። ለዚህ «አይፒቴብልስ-አፕላይ» አዲሱን ደንብ ጭኖ ማረጋገጫ ይጠብቃል፣ መልስ ካጣም የቀድሞውን ይመልሳል፤ ለአድራሻ ለውጥ የሚያገለግለው «ኔትፕላን ትራይ»ም በተለመደው አሠራር 120 ሰከንድ ይታገሣል። ይህ ሳይደረግ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሱሉልታን ሰርቨር የቆለፈ ባለሙያ፣ እዚያ ኪቦርድና ስክሪን የሚያገናኝለት ሰው ከሌለ፣ አንዲት መስመር ለማረም እንጦጦን ተሻግሮ መሄድ ግድ ይለዋል።