ዕዳ የከፈለ መዝሙር

ዕዳ እንቅልፍ እንደሚነሳ የመርካቶ ነጋዴ እናቶች ያውቁታል። በቀድሞው ዘመን በአውሮፓ ግን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ወህኒ ይወርድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1742 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የጆርጅ ፍሬደሪክ ሃንደል ታላቅ የኅብረት መዝሙር «መሲሕ» ለእነዚሁ ሰዎች ደረሰላቸው። አዳራሹ ብዙ ሰው እንዲይዝ ሴቶች ቀሚስ የሚወጥረውን ቀለበት፣ ወንዶች ጎራዴያቸውን ትተው እንዲመጡ ተለመኑ። 700 ያህል ሰው ገባ። ከገቢው ለእስረኞች በደረሰው ድርሻ 142 ባለዕዳዎች ተፈቱ፤ የቀረው ለሁለት የሕሙማን መርጃዎች ተሰጠ። ከ1750 ጀምሮም ለንደን ውስጥ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ገቢ ማሰባሰቢያ ሆነ።

የመጀመሪያው ዕለት የኅብረቱ መዘምራን ከሁለት ካቴድራሎች የመጡ ወንዶችና ወንዶች ልጆች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የእንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ከሥራ መልስ እየተሰበሰቡ አጠኑት። ኖታ ለማያውቁት መንገድ ከከፈቱት አንዷ መምህርት ሳራ ግላቨር ስትሆን፣ የዜማን ደረጃዎች በፊደል የመጻፍ ዘዴ አዘጋጅታ ነበር።

የኅብረት መዝሙር እንደ ዕቁብ ነው፤ አንዱ ብቻውን የማይሞላውን ሁሉም በየድርሻው ይሞላዋል። እናቶች ሆይ! ልጃችሁ ከሰፈር መዘምራን ጋር ልለማመድ ስትል «ሥራ ፈት» አትበሏት፤ እናንተም ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትቅሩ።