በጓንዡ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ስለ መጓዝ

ከጂንካ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ነጋዴ፣ ሸቀጡን ከምንጩ ለመግዛት ሲያስብ እስከ ቻይና፣ እስከ ጓንዡ ከተማ መሻገር ይኖርበታል። በዚያ ከተማ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው ታላቅ የንግድ ትርኢት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ በሦስት በሦስት ዙር ይከፈታል። አንዱ ዙር የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በመንገድ የሚባክን ግማሽ ቀን ከመነሻ ገንዘብ እንደ ጎደለ ይቆጠራል።

እንግዳው ግን የምድር ውስጡን ባቡር ፈርቶ በታክሲ ቢሄድ፣ መንገዱ ሲጨናነቅ ገንዘቡንም ሰዓቱንም ያጣል። በ1989 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ግን አያስፈራም፤ መሥመሮቹ በቁጥርና በቀለም ተለይተዋል፣ የጣቢያዎቹም ስም በእንግሊዝኛ ጭምር ይነገራል። አፍሪካውያን ነጋዴዎች ከሚያዘወትሩት ከሺያኦቤይ የሚነሣ ሰው በ5ኛው መሥመር እስከ ዡጂያንግ አዲስ ከተማ፣ ከዚያ በ3ኛው እስከ ከኩን፣ በመጨረሻም በ8ኛው እስከ ትርኢቱ ሥፍራ እስከ ፓዡ ይደርሳል።

ለአንድ ጉዞ የሚገዛው ቲኬት እንደ ሳንቲም የከበበ ፕላስቲክ ነው። ሲገቡ በበሩ መሣሪያ ላይ ያስጠጉታል፤ ሲወጡ ግን መሣሪያው ውስጥ ስለሚከቱት እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ሻንጣም በመግቢያው ይፈተሻል።

ስለዚህ ነጋዴው የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ አስጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ ትርኢቱ ከመከፈቱ በፊትም አንድ ቀን ባዶ እጁን ሄዶ መንገዱን ይልመድ። ዕቃው ጂንካ እስኪደርስ የሚጠይቀው የማጓጓዣ ወጪ ብዙ ነውና፣ ከታክሲ የተረፈው ገንዘብ ለባለ ሱቁ ትርፍ ነው።