ከተላከበት ስላለፈ ሽማግሌ፤ የአስታራቂ ይቅርታ አጠያየቅ

በአማራው ሕዝብ ልማድ ሽምግልና ከዳኝነት የሚለይበት ዋና ነገር ሽማግሌው የራሱ የሆነ ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው። ዳኛ ከመንግሥት በተሰጠው ሥልጣን ይፈርዳል፤ ሽማግሌ ግን ባለጉዳዮቹ ያመኑትን ያህል ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ከተላከበት ነገር አልፎ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ያባከነው የገዛ ቃሉን ሳይሆን የላኪዎቹን ቃል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሕዝቡ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያለ ይነቅፈዋል።

ነገሩ በከተማ ኑሮ እንዴት እንደሚያጋጥም ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናስብ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ለማስፋት ቤቶች እንዲነሡ አዘዘ፤ የሰፈሩ ወጣቶችም ተሰብስበው መሟገት ጀመሩ። አንድ የተከበሩ የዕድር ዳኛ በመካከል ገቡ። የተላኩት ቀኑ እንዲራዘም ለመለመን ብቻ ነበር። ነገር ግን ሹሙ በአክብሮት ተቀብሎ ቢያነጋግራቸው ጊዜ፣ «በሁለት ሳምንት ይለቃሉ፤ እኔ አለሁ» ብለው ወጡ። ጠቡን ለማብረድ ቸኮሉ እንጂ ክፉ አላሰቡም።

በልማዱ መሠረት በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ «ማሩኝ» ይላል፤ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሣዋል። ይሁን እንጂ ይቅርታ ጠያቂው ሽማግሌ፣ ይቅር ባዮቹም ልጆቹ የሚሆኑ ወጣቶች ሲሆኑ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ሽማግሌው ገና ጎንበስ ሲሉ ወጣቶቹ «ኧረ በእግዚአብሔር፣ አባታችን» እያሉ ተነሥተው ይይዟቸዋል። እንዲህ ሲሆን አክብሮቱ ይቅርታውን ይቀድመዋል፤ ሽማግሌው ጥፋታቸውን በዝርዝር ሳይናገሩ ነገሩ ያልቃል። በሹሙ ዘንድ የቀረው ቃል ግን እንዳለ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አስታራቂው ባዘጋጀው የስምምነት ቃል ተከራካሪዎቹ የሚገደዱት ለማጽደቅ በጽሑፍ ግዴታ ሲገቡ ብቻ መሆኑን በቁጥር 3322 ይደነግጋል። የሽማግሌው «እኔ አለሁ» ማለት እንግዲህ በሕግ ፊት ሰፈሩን አያስርም። በሰው ፊት ግን ያስራል፤ ቀኑ ሲደርስ ሹሙ ወጣቶቹን ቃል አፍራሾች ይላቸዋልና።

ከዚህ የተነሣ የአስታራቂ ይቅርታ ሙሉ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲፈጸሙ ነው። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ የተናገረውን በላኩት ሰዎች ጉባኤ ፊት አንድ በአንድ ይገልጻል። ሁለተኛ፣ ከላኪዎቹ ምስክር ይዞ ወደ ሹሙ ይመለስና «ያ ቃል የእኔ ነበር፤ የእነርሱ አይደለም» ብሎ ያነሣዋል። ሦስተኛ፣ ዳግመኛ እስኪልኩት ድረስ ከሽምግልናው ወንበር ይርቃል። ከሦስቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ በሹሙ ዘንድ ያገኘውን ክብር ያሳጣዋልና። ነገር ግን መንበርከኩ የላኪዎቹን ልብ ቢያለሰልስ እንጂ ቤታቸውን አያድንም፤ የባከነውን ቃል የሚመልሰው ወደ ሹሙ ደጅ ሁለተኛ መሄዱ ነው።