ቸርኬው ላይ የተጋገረው ብረት

ከወላይታ ሶዶ ቁልቁል ወደ ዲምቱ የወረደ አውቶሞቢል ሲቆም አራቱን ቸርኬዎች ዞር ብለው ይመልከቱ። የኋላዎቹ ቀይ አቧራ ለብሰዋል። የፊቶቹ ግን ከቀዩ ሥር ጥቁር ነገር ይዘዋል። ቀዩ የወላይታ አፈር ነው፤ ከመንገድ የተነሣ። ጥቁሩ ከመንገድ አልመጣም። እዚያው ከቸርኬው ጀርባ ዲስኩና የፍሬን ሸራው ሲፋተጉ የተፈጨ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ብረት ነው። ሁለቱም በአንድ ባልዲ ውሃ ይታጠባሉ፤ ባህሪያቸው ግን አይገናኝም። አሎይ ቸርኬ ያለው ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ገንዘቡን ያድናል፤ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ነገር።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የዱጉና ፋንጎ ወረዳዋ ዲምቱ ያለችው ዝቅ ብሎ፣ በብላቴ ወንዝ አቅጣጫ ነው። ብላቴ የሚገባበት አባያ ሐይቅ ደግሞ 1,170 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ወደ ብላቴ የሚሄድ መኪና ሁሉ ከፍታውን ለአንድ ነገር አስረክቦ ነው የሚወርደው። የሚረከበው በአብዛኛው ፍሬኑ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ ፍሬን ተይዞ ቢቆም ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 370 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። ይህ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይኸው መኪና በከፍታ (በመንገድ ርዝመት አይደለም) 100 ሜትር በወረደ ቁጥር የሚለቀው ጉልበት ደግሞ 1,470 ኪሎ ጁል ነው፤ አራት ጊዜ ከ80 ወደ ዜሮ እንደመቆም ማለት ነው። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ከፊሉን ይወስዳሉ፤ ሞተሩም ከፈቀዱለት ብዙ ይወስዳል። የቀረውን በሙሉ የሚችለው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ የፍሬን ሸራ ነው።

የፊቶቹ ለምን ጠቆሩ? ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። በዚህ የተነሣ ከማቆሙ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ከኋላ ታምቡር ነው ያላቸው፤ ታምቡር ዝግ ስለሆነ የፈጨውን ውስጡ ያስቀራል። የባጃጅ ቸርኬ በጥቁር ብናኝ የማይታማውም ለዚሁ ነው። ዲስክ ግን ክፍት ነው። በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ዋጋው የፈጨውን ሁሉ ወደ ውጭ መበተኑ ነው።

የፍሬን ሸራ ታሪክ ራሱ ከቁልቁለት የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 በተራራማው የደርቢሻየር አውራጃ ሳለ ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ መንኮራኩሩን ለመያዝ ያረጀ ጫማ በፍሬኑ እንጨት ላይ ሲመቱ አስተዋለ። ከዚያ ተነሥቶ በተሸመነ ጨርቅ የተሻለ የፍሬን ልባስ ሠራ፤ ፌሮዶ የተባለው ኩባንያም ከስሙ ፊደላት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ እሳት የማይበላውን አስቤስቶስ አስገባ። የዛሬው ሸራ ብዙ ነገር የተቀየጠበት ነው፦ ሁሉን የሚያጣብቅ ሙጫ፣ የብረት ወይም የሰው ሠራሽ ክር፣ ሻካራ ማዕድን፣ ለማለስለስ ግራፋይት። ዲስኩ ደግሞ ቀልጦ የተቀዳ ግራጫ ብረት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሁለቱም ያልቃሉ።

ለማመን የሚቸገር ሰው ማግኔት ይፈልግ። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ይበቃል። ማግኔቱን በፌስታል ይጠቅልሉና በደረቀው የፊት ቸርኬ ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉት። ጥቁሩ ብናኝ ፌስታሉ ላይ ጢም ይሠራል። ቀጥሎ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ደረቅ ቀይ አፈር ይዘው ይሞክሩ፤ ጥቂት ቅንጣት ቢነሣ ነው። የወላይታ ቀይ አፈር፣ የአፈር ሊቃውንት ኒቲሶል የሚሉት ዓይነት፣ ቅላቱን ያገኘው ከብረት ነው። ይህ ብረት ግን ከሺህ ዓመታት በፊት ዝጎ የጨረሰ ስለሆነ ከእንግዲህ ቸርኬዎ ላይ የሚሠራው ኬሚስትሪ የለውም። የፍሬኑ ብረት ገና ትኩስ ነው፤ ዝገቱን ቸርኬዎ ላይ ሊጀምር ነው የመጣው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ቅንጣቱ ከዲስኩ ሲነቀል የጋለ ነው። ቸርኬው ራሱም ከፍሬኑ ሙቀት ተጋርቷል። የሸራው ሙጫ በሙቀት ላልቶና ተቃጥሎ አብሮ ይመጣል፤ እሱም ቅንጣቱን ከቸርኬው ቀለም ጋር ያጣብቀዋል። ሌሊት ጤዛ ይወርዳል ወይም ዝናብ ይመጣል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሥሩን በላዩ ባለው ስስ ልባስ ውስጥ ይሰዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሳሙና የማይለቁ ቡናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ልባሱ ከተበሳ ውሃው አሉሚኒየሙ ጋ ይደርሳል። አሎይ ቸርኬ በአብዛኛው አሉሚኒየም ሲሆን ሰባት በመቶ ያህል ሲሊኮንና ጥቂት ማግኒዚየም ይገባበታል። አሉሚኒየም ብቻውን ሲሆን ቀጭን የኦክሳይድ ልብስ ለብሶ ራሱን ይጠብቃል። እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲነካካ ግን ተጎጂው እሱ ነው፤ ነጭ ዱቄት እያወጣ ከልባሱ ሥር ይበላል። ቸርኬ ለምጽ የወጣበት የሚያስመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው።

እንግዲህ ማጠቡ። ላቫጆ ገብቶ «ቸርኬውን በደንብ» ማለት ቀላል ነው፤ «በደንብ» የሚባለው ነገር ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ለድስት የሚሆነው የሽቦ መፈግፈጊያ ልባሱን ከመቧጨሩ ሌላ የራሱን የብረት ስባሪ እዚያው ጥሎ ይሄዳል፤ ብረት ለማንሣት ብረት መዝራት ነው። በረኪናና ጠንካራ የዱቄት ሳሙና አልካላይ ናቸው፤ የአሉሚኒየምን ኦክሳይድ ይበላሉ። ከሁሉም የሚብሰው ግን በአንድ ረጭታ ቸርኬውን መስታወት የሚያስመስለው አሲድ ነው። ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም ወደዚያ የሚለወጥ ጨው አለባቸው። ይህ አሲድ ቆዳ ሲነካ መጀመሪያ ላይ ላያቃጥል ይችላል፤ ሰርጎ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፤ በዛ ካለ ልብን ሊያቆም ይችላል። ያለ ጓንት ለሚሠራ የላቫጆ ልጅ ይህን መስጠት ነውር ነው፤ ቸርኬው ምንም ያህል ቢያበራ።

የሚሻለው ሥራ ይህን ያህል አያደክምም። መኪናው ቆሞ ቸርኬውና ዲስኩ በእጅ የሚነኩ እስኪሆኑ ይጠበቃል። ከቁልቁለት የመጣ ዲስክ ከመቶ ዲግሪ በእጅጉ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ሳሙናውም ትኩስ ቸርኬ ላይ ሳይሠራ ይደርቃል። ሲበርድ ቀድሞ ብዙ ውሃ ብቻ ይፈስበታል፤ አፈሩ ሳይወርድ ጨርቅ ካረፈበት ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ቀጥኖ በለስላሳ ብሩሽና ስፖንጅ ይታጠባል፣ የውስጡም ጎን ሳይረሳ። የቸርኬው ስፖንጅና ውሃ ለቀለሙ አይውል፤ የብረቱ ቅንጣት በሩን ይፈገፍጋል። በመጨረሻ ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይደረቅ። ይህ በየሳምንቱ ከተደረገ ሌላ መድኃኒት ብዙም አያስፈልግም፤ ብናኙ ለመዝገት ጊዜ አያገኝምና።

ነጠብጣቡ አስቀድሞ ከገባ ሳሙና አያወጣውም። ለዚህ የሚሠራው ታዮግላይኮሌት የተባለውን ጨው የያዘ ብረት አንሺ ፈሳሽ ነው። ይህ ውህድ በፀጉር ቤት ፀጉርን ለመጠቅለል ከሚያገለግለው ኬሚካል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሽታውን ያሸተተ ሰው አይስተውም፣ የተበላሸ እንቁላል። ብረት ሲያገኝ ይይዘውና ሐምራዊ ይሆናል፤ ቸርኬው የሚደማ ይመስላል። ጥሩነቱ በአብዛኛው ወደ ገለልተኛ የተጠጋ መሆኑ ነው፤ አሉሚኒየሙን አይነካም። በጥላ ሥር፣ በበረደ ቸርኬ ላይ፣ በጓንት፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ከታጠበ በኋላ የመኪና ሰም ቢቀባ ቀጣዩ ብናኝ በቀላሉ ይለቃል። የተለመደው የካርናውባ ሰም ግን ከ80 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቁልቁለት ለሚያዘወትር ቸርኬ ሙቀት የሚችል ሰው ሠራሽ ልባስ ይሻላል።

አንድ ነገር በዝናብ ወራት አይረሳ። የወላይታ ጭቃ ከቸርኬው ውስጠኛ ጎን ገብቶ ከደረቀ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ መሪውም ፍጥነት ሲጨመር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ባላንስ ያሠራል፤ ቆይቶ ጭቃው ሲረግፍ እንደገና ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ይታጠብ።

አሁን ከንጽህና ወደሚበልጠው ነገር እንምጣ። ብናኙን ሁሉም ሰው ያጥበዋል፤ ከማጠቡ በፊት የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። የግራና የቀኝ የፊት ቸርኬ እኩል መጥቆር አለባቸው። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጠቆረ፣ ከጉዞ በኋላም ከእሱ በኩል የተለየ ሙቀት ከተሰማ፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ይዞ አልለቅም ብሎ ሊሆን ይችላል። አንዱ ደግሞ ያለ ምክንያት ንጹሕ ከሆነ ደስ አይበልዎ፤ ያኛው ፍሬን ምናልባት ሥራ አቁሟል። ብናኙ በድንገት ከበዛና የብረት ፉጨት ከታከለበት ሸራው አልቆ ጀርባው ዲስኩን እየበላ ሊሆን ይችላል። ከውስጥ የሚወርድ እርጥብ ቅባት ካለ ደግሞ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው ለነገ አይባልም። ላቫጆ ገብቶ ሲወጣ ግን ይህ ማስረጃ ሁሉ በቦዩ ሄዷል።

ብናኙን ከምንጩ መቀነስም ይቻላል። ከሶዶ ወደ ብላቴ፣ ወይም በዳውሮ አቅጣጫ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ በሞተር ቢይዝ ፍሬኑ ያርፋል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውም ዝቅተኛ ማርሽ መምረጥ ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ግን ከዚያ 1,470 ኪሎ ጁል ሞተሩ ይወስድ የነበረውን ድርሻ ሁሉ ለሸራው ማሸከም ነው። በዚያ ላይ የዘመኑ ኢንጄክሽን ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ይዘጋል፤ በዜሮ ሲሆን ግን ለመዞር ያህል ያቃጥላል። ቁጠባው የለም። ሸራ ሲቀየርም ሴራሚክ የሚባለው ዓይነት አነስ ያለና ደብዘዝ ያለ ብናኝ ያወጣል። ጭነት ለሚያበዛና ቁልቁለት ለሚኖርበት መኪና ግን ከቸርኬው ውበት የሸራው ሙቀት መቻል ይቅደም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው እየተለመደ ነው። እነዚህ መኪኖች ሲዘገዩ ሞተራቸው ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ቸርኬያቸውም ብዙም አይጠቁርም። አንድ ወጥመድ አለ፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰው ጉልበት ማረፊያ የለውም። ሶዶ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ ዲምቱ የሚወርድ ሰው መጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በተራ ፍሬን ሊጓዝ ይችላል። ለቁልቁለት ጥቂት ቦታ ማስተረፍ ብልህነት ነው።

ከሚፈጨው ግማሽ ያህሉ ቸርኬ ላይ አያርፍም፤ አየር ላይ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍሬን ለሚወጣ ብናኝ ገደብ አስቀምጧል፤ ለአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች በኪሎ ሜትር 7 ሚሊ ግራም፣ በባትሪ ብቻ ለሚሄዱት 3 ሚሊ ግራም። የእኛ ጉዳይ ከዚያ የቀረበ ነው። በየጋራዡ ጎማው ሲፈታ ዲስኩና ታምቡሩ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፤ ጥቁሩ ደመና ቀጥታ የሚገባው ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ልጅ ሳንባ ውስጥ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ያለው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው እንደሚችል ደግሞ አይዘነጋ። ጋራዥ ያላችሁ፣ መኪና የምታሠሩም፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ አየሩ ይቅር፤ ፍሬኑ በውሃና በሳሙና ረጥቦ በጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም በፌስታል ታስሮ ይጣል።